ለሕመሜ ቀን የተናዘዝኩት

ቤታችን ምሰሶ ላይ፣ ከወለሉ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ገመድ የፈገፈገው ቦታ አለ። እንግዳ ካየው ጥጃ ይታሰርበት ነበር እንላለን። ጥጃዋ እኔ ነኝ። ልጄ ማስተዋል አድጋ እስክትጠይቀኝ ድረስ እንዲህ እያልኩ አልፌው ነበር፤ አሁን ግን ልጽፈው ተነሳሁ። የምጽፈው አንድም ሕመሙ መጥቶ ለሄደለትና ተመልሶ ይመጣብኝ ይሆን እያለ ለሚሰጋ ሰው፣ አንድም እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ይዞ የሚያደርገው ለጠፋው ነው። ጤነኛ ሰው ምክር እንደማይወድ ከራሴ አውቃለሁ።

የምንኖረው ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። በርበሬና በቆሎ እናመርታለን። ባሌ ይርሳው ጠብ የሚባል ነገር የማይወድ፣ ድምፁ ከበሬዎቹ ጋር ሲሆን ብቻ ከፍ የሚል ገበሬ ነው። እናቱ እማማ የሻረግ እዚያው ግቢያችን ውስጥ በራሳቸው ጎጆ ይኖራሉ። ካገባሁ ጀምሮ እኔና እሳቸው በደንብ የተነጋገርነው ስለ ጨው ብቻ ነው። ወጤን ቀምሰው "በዛ" ወይም "አነሰ" ይላሉ፤ "ይበቃል" ያሉበትን ቀን አላስታውስም። ጎረቤቶቼ ስለ አማቶቻቸው ሲያወሩ እኔ ዝም እላለሁ፤ ከጀመርኩ አልጨርስማ።

ሕመሙ የጀመረኝ ማስተዋልን ወልጄ ክርስትናዋ ሳይደርስ ነው። መጀመሪያ የመጣው ደስታ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ግራ ይገባዋል። እንቅልፍ ጠፋ፣ ግን አልደከመኝም፤ አፌ አልዘጋ አለ፣ ያየሁት ሰው ሁሉ ዘመዴ መሰለኝ። የጥምቀት ቀሚሴን ለማላውቃት መንገደኛ ሰጠሁ። ትንሽ ቆይቶ ደስታው ወደ ፍርሃት ዞረ። ሲመሽ፣ ልጄን ሊወስዱብኝ የሚያደቡ ሰዎች ከአጥሩ ስር የሚንሾካሾኩ ይመስለኝ ጀመር፤ ላምባው ሲጠፋማ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። ሴቶቹ አራስ ናት፣ ብርድ መቷት ነው አሉ። ቡሬ ወስደው አንድ ክሊኒክ አሳዩኝ፤ ደም ተወሰደና ታይፎይድ ነው ተባለ። አልሻል ሲለኝ ሌላ ቦታ ሄድን፤ ወባ ነው ተባለ። የሁለቱንም መድኃኒት ዋጥኩ። እውነት ታይፎይድና ወባ ኖረውብኝ ከነበረ ያን ጊዜ ወጥተው ሄደዋል፤ እኔን ግን እዚያው ጥለውኝ ነው። ለዚህ ሁሉ አንዲት ጊደር ተሸጠች።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ከሚያደቡት ሰዎች ላድናት ብዬ ልጄን አዝዬ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ። አይሱዙ መኪና ጡሩንባውን እየነፋ ለጥቂት ሳተን። ከጅጋ ሊጠይቀኝ የመጣው ታላቅ ወንድሜ ስማቸው ከኋላ ደርሶ ያዘኝ። እያለቀሰ ወደ ቤት መለሰኝ፤ እያለቀሰም ከምሰሶው ጋር አሰረኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረውም። ታስሬ የሰነበትኩበትን ጊዜ ግን ይቅርታም አያጠፋውም። ማስተዋልን እማማ የሻረግ ቤት ወሰዷት። ስታለቅስ ይሰማኛል። ጡቴ አግቶ ልብሴን ያርሰዋል፣ እጄ ግን አይደርስላትም። የላም ወተት እያጠጡ አቆዩዋት፤ እኔ ስፈታ ጡቴ ደርቆ ነበር። ከሕመሙ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

በመጨረሻ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይርሳውን አግኝታ፣ ፍኖተ ሰላም ባለው ሆስፒታል የአእምሮ ሕመም የምታክም ሲስተር እንዳለች ነገረችው። ወረፋ የጠበቅንበትን አግዳሚ ወንበር አልረሳውም። ሰው ሁሉ ከእኔ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ይርሳው ገመድ የላጠውን የእጄን አንጓ በነጠላዬ ጫፍ እየሸፈነ ይደብቃል። አጠገባችን የነበሩ አንዲት ባልቴት ግን ከቋጠሩት ቆሎ ቆንጥረው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። ከታመምኩ ወዲህ እንደ ሰው ያየኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ሲስተሯ ብዙ ጠየቀችን። ከዚያ ስሜት ከልክ በላይ ሽቅብ የሚወጣበት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ቁልቁል የሚወርድበት ሕመም ነው፣ ባይፖላር ይባላል አለችን። ኪኒን ሰጠችኝ።

መዳን እንደ መታመም ፈጣን አይደለም። ከሽቅቡ ስወርድ ቁልቁሉ ጠበቀኝ፤ ለወራት ከመደቡ መነሳት እንኳ ከበደኝ። በርበሬ ለቀማ ሲደርስ ግን ከሰው እኩል ማሳ ገባሁ። እማማ የሻረግም ወጤን ቀምሰው "በዛ" አሉ። ደህና መሆኔን ያወቅኩት ያኔ ነው።

መድኃኒት ልወስድ በተመላለስኩበት በአንዱ ቀን ሲስተሯ ያልጠበቅኩትን ነገር አነሳች። ሕመሙ ሊመለስ ይችላል አለችኝ። ሲመለስ የሚያውቀው ሌላ ሰው እንጂ አንቺ አይደለሽም፤ አንቺ ደህና ነኝ ነው የምትዪው። ስለዚህ ደህና ሳለሽ ማን እንዲወስንልሽ፣ ምን እንዲደረግልሽ፣ ምን እንዳይደረግብሽ ለቤተሰብሽ ተናገሪ፤ ይዘሻቸውም ነይና አብረን እንስማማ አለች። እሺ ብዬ ወጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ እስከ ማንኩሳ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ተናገሪ ማለት ቀላል ነው። በጤናዬ የተናገርኩትን፣ ስታመም እኔው ተነስቼ ውሸት ነው ስል ማን ይጸናበታል? እኛ አገር ባለቤቱ በሌለበት የሚጸና ቃል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ኑዛዜ ነው። ሰው ሊሞት ሲል የንስሐ አባቱንና ሽማግሌ ጠርቶ የተናገረውን፣ ልጅ ቢሆን ወንድም ቢሆን አያፈርሰውም። እርግማኑን ይፈራል።

እቤት እንደገባሁ ይርሳውን፣ "መምሬ ጥበቡን ጥራልኝ፣ ሽማግሌም ይምጣ፣ ልናዘዝ ነው" አልኩት።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እኔ ስለ ሕመም ሳወጣ ሳወርድ የዋልኩ ነኝ፤ እሱ የሰማው ግን ጤነኛ ሚስቱ በጠራራ ፀሐይ ለሞት መሰናዳቷን ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። ለምን ብሎ ሳይጠይቀኝ ወጣ። ወዲያው ከግድግዳው ጠፍሩ ጠፋ፣ ማጭዱ ጠፋ፣ ለበርበሬው የተገዛው የተባይ መድኃኒት ጠፋ። ወደ ጓሮ ስወጣ ጎረቤት ይከተለኛል። ጅጋ ሰው ተላከና በማግስቱ ስማቸው መጣ። ይርሳው የቤቱን ገመድ ሁሉ ሲደብቅ፣ ስማቸው ለጥንቃቄ ብሎ አዲስ ገመድ በትከሻው ይዞ ደረሰ።

መምሬ ጥበቡና ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ያ ገመድ ስማቸው እግር ስር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ዓይኔ ከሱ ላይ አልነሳ አለ። ብቆጣ ተነሳባት ይላሉ፤ ባለቅስ ተነሳባት ይላሉ፤ ብስቅማ አለቀልኝ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ መናገር አለብኝ። ታሞ የዳነ ሰው ጭንቁ ይኸ ነው፤ እንደማንኛውም ሰው መናደድ እንኳ አይፈቀድለትም። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ።

መጀመሪያ የተናገሩት ከበሩ ጥግ የተቀመጡት እማማ የሻረግ ናቸው።

"ልትሞች ነው?" አሉኝ፣ ስለ ጨው በሚያወሩበት ድምፅ።

"አይደለም እማማ። ልታመም ነው።"

"መች?"

"እሱን አላውቀውም።"

"እሽ። ስትታመሚ ምን እናርግልሽ?"

ታምሜ እስክድን፣ ድኜም እስከዚያች ቀን ድረስ፣ ከቤቴ ሰው ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። ስለ እኔ ብዙ ተመክሯል፤ እኔን ግን ማንም አላማከረኝም። እንባዬን ዋጥ አድርጌ ልናገር ስል መምሬ ጥበቡ አቋረጡኝ። ኑዛዜ ለሞት እንጂ ለሕመም ሲደረግ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ።

"አባቴ፣ ሲያመኝ እኮ እኔ የለሁም" አልኳቸው። "ሞቶ ለሄደ ሰው ቃሉ ይከበርለታል። እኔ ሂጄ የምመለሰዋ?"

ጺማቸውን አሻሹና "በይ ተናገሪ" አሉኝ።

ተናገርኩ። አታስሩኝ፣ መያዝ ካለብኝ በእጃችሁ ያዙኝ አልኩ። እንቅልፍ ሲጠፋኝና ወሬዬ ሲፈጥን ካያችሁ፣ እስኪብስብኝ ሳትጠብቁ ፍኖተ ሰላም ውሰዱኝ አልኩ፤ ታይፎይድ ፍለጋ ቡሬ አትውሰዱኝ ስል ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ጠበሉንም እወደዋለሁ፣ ግን ኪኒኔን ሳላቋርጥ ይሁን አልኩ፤ መምሬም ጠበል መድኃኒት አይከለክልም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ማስተዋልን ከእኔ ብታርቋት አልቀየምም፣ ግን ለቅሶዋ ከማይሰማኝ ቦታ ይሁን ስል ስማቸው አንገቱን ደፋ።

ማን ይወስንልሽ ሲሉኝ ሁሉም ወደ ይርሳው ዞረ፤ ቀጥሎ ወደ ስማቸው።

"እማማ የሻረግ" አልኩ።

ይርሳው ሲከፋው አየሁት፤ አዘንኩለት፣ ግን ቃሌን አልመለስኩም። ይርሳው ይወደኛል፣ ሳለቅስ ይረታል አልኩ። ስማቸው ይፈራልኛል፣ ሲፈራ ደግሞ ገመድ ያነሳል። እማማ የሻረግ በእንባዬም በስድቤም አይለወጡም፤ ሲበዛ በዛ፣ ሲያንስ አነሰ የሚሉ ሴት ናቸው። እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ውጭ ይመለከቱ ነበር። ሰደብኳቸው ወይስ አመሰገንኳቸው የሚለውን ለመለየት የተቸገሩ ይመስለኛል።

መምሬ የመጨረሻ ጥያቄ አነሱ። ተናዛዥ በሕይወት እስካለ ቃሉን የማፍረስ መብት አለው፤ ታመሽ አፍርሻለሁ ብትይስ አሉኝ። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሁለት ሌሊት ተኝቼ ካደርኩ በኋላ አፍርሻለሁ ካልኩ ይፍረስ፣ ሳልተኛ የምለውን ግን አትስሙኝ አልኩ። ሲያመኝ እንቅልፍ የለኝምና ነው። ሽማግሌዎቹ ቃሉን እየተቀባበሉ ደገሙት፤ መምሬ መስቀል አሳለሙን። ቀጥሎ በነበረው ቀጠሮዬ ይርሳውንና እማማ የሻረግን ይዤ ሄድኩና ሲስተሯም ሰማች። እንዲህ ያለውን ስምምነት በኑዛዜ ያደረገ ሰው አላጋጠመኝም ብላ ሳቀች።

በሽታው ፈቃድ አይጠይቅም። ኪኒኔን እየዋጥኩ፣ ማስተዋል ፊደል መቁጠር በጀመረችበት ዓመት ተመለሰ። በርበሬው ግቢ ሙሉ ተሰጥቶ ነበር። እኔ የማንኩሳን ገበያ በርበሬ ሁሉ ገዝቼ በራሴ መኪና አዲስ አበባ ላደርስ አቅጃለሁ፤ መኪናውን ከየት እንደማመጣው ብቻ አልወሰንኩም። እማማ የሻረግ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሳይደወል እየዘፈንኩ ግቢ ስጠርግ ሰምተውኝ ኖሯል። መጥተው ፊቴን አዩና "ተኝተሻል?" አሉኝ። ተኝቻለሁ አልኩ። ቀጥ ብለው ወደ መምሬ ጥበቡ ሄዱ።

ዕለቱን ስማቸውም ከጅጋ ተጠርቶ እነዚያው ሰዎች እዚያው ቤት ተሰበሰቡ። በዚያን ቀን አንደበቴ እንዴት እንደተፈታ ብታዩ! ቃሌን አፍርሻለሁ አልኩ። መነገድ እብደት ከሆነ ማንኩሳ ሙሉው ይታሰር ብዬ አሳቅኳቸው። እማማ የሻረግ ከልጃቸው ሊያፋቱኝ የሸረቡት ነው ስል ደግሞ ይርሳው እናቱን በጎሪጥ አያቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ራሷ የተናዘዘችውን ራሷ ካፈረሰች እኛን ምን አገባን አሉ። ስማቸውም ደህና ትመስላለች አለ። እየረታሁ ነበር። ዛሬ ሳስበው የሚያስፈራኝ ይኸው ነው፤ በደህናዬ ጊዜ ተጨንቄ የሠራሁትን ሁሉ፣ በታመምኩበት አፍ አንድ ከሰዓት በኋላ ላፈርሰው ምንም አልቀረኝም።

እማማ የሻረግ አልተከራከሩኝም። "ሁለት ሌሊት ተኝታ ትደርና ታፍርሰው" አሉ ብቻ። ማታ መጥተው ከእኔ አጠገብ መደቡ ላይ ተጋደሙ። እኔም ብልህ ነኝና ዓይኔን ጨፍኜ፣ ትንፋሼን እያስረዘምኩ አነጋሁት።

ጠዋት መምሬ ሲመጡ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ "እንደ ድንጋይ ተኝቼ አደርኩ" አልኳቸው። የይርሳው ፊት በራ። እማማ የሻረግ እንደዋዛ፣ "ሌሊት ውሻው ጮሆ ነበር እንዴ? እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ አልሰማሁም" አሉ።

"እንዴታ፣ ጮኸ እንጅ" አልኩ ቀልጠፍ ብዬ። "መምሬ ሰዓታት ሊቆሙ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ነው የጮኸባቸው። አጥራችን ስር ሲደርሱ አስነጠሱ። ቆይቶ የጎረቤት አህያ አናፋች። እርስዎም ቢሆን ተነስተው ውኃ ሲጠጡ ጣሳው ከእጅዎ ወድቋል።"

ተናግሬ ሳበቃ ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል።

"እውነቷን ነው፣ አስነጥሼ ነበር" አሉ መምሬ ጥበቡ ቀስ ብለው።

እማማ የሻረግ ነጠላቸውን አነሱና "በሉ ተነሱ" አሉ።

ያን ጊዜ የሰደብኳቸውን ስድብ አልጽፈውም። ስማቸው ይህን ያህል መንገድ ሳትታሰር አትሄድም ብሎ ገመድ አነሳ፤ እማማ የሻረግ ከእጁ ተቀብለው ወደ ጓሮ ወረወሩት። እሳቸው በአንድ ወገን፣ ይርሳው በሌላ ወገን እጄን ይዘው አስፋልቱ ዳር ደረስን። የቆመልን ሚኒባስ ረዳት አየኝና ካልታሰረች አልጭንም አለ። ስማቸው ከኋላችን "አላልኩም?" አለ። ይርሳው ወላወለ፤ የእጁ አያያዝ ሲላላ ተሰማኝ። አስፋልቱ ከፊቴ ነው፣ ከቡሬ በኩል የጭነት መኪና ይመጣል፣ እኔም ልሮጥ እግሬን አዘጋጅቻለሁ።

እማማ የሻረግ እኔን ሳይለቁ በሌላው ክንዳቸው የረዳቱን መንገድ ዘጉት። አንጓቸውን ዘረጉለትና "ማሰር ካለብህ ይኸውልህ፣ እኔን እሰረኝ" አሉት። "እሷን እንዳላሳስር ቃል አለብኝ።"

ረዳቱ ሹፌሩን አየ። ሹፌሩም የኋለኛውን ወንበር እንዲለቁልን አደረገ።

መንገድ ላይ ነከስኳቸው፤ ከአውራ ጣታቸው ስር፣ ደም እስኪወጣ። እጄን አልለቀቁም። ሆስፒታል ስንደርስ ሲስተሯ ደንግጣ ምን ሆነው ነው ብትላቸው፣ ቁርስ ሳትበላ ነው ያመጣናት አሏት አሉ። ይህን የነገረኝ ይርሳው ነው፤ እኔ የማስታውሰው አጥብቀው መያዛቸውን ብቻ ነው።

ለምታነቡኝ ሰዎች የምለውም እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ ሲሻላችሁ አለፈ ብላችሁ ዝም አትበሉ። ደህና በሆናችሁበት ቀን ተናገሩ፣ ምስክር አድርጉ፣ የሚያክማችሁም ሰው ይስማ። የሚወስንላችሁን ስትመርጡ የሚያሳዝናችሁን ሰው ሳይሆን የሚጸናላችሁን ፈልጉ። ቤተሰብ የሆናችሁም፣ ሰውየው ልናገር ሲል አትደንግጡ፤ ገመድ ከመደበቃችሁ በፊት ምን ልትል ነው ብላችሁ ጠይቁት። ባለፈው ጊዜ ለመዳን ዓመት የፈጀብኝ ሕመም፣ በጊዜ ስለተደረሰበት በዚያው በበርበሬው ወቅት ለቀቀኝ።

ሆስፒታል መርፌና ኪኒን ተሰጠኝ። የመጀመሪያዋን ሌሊት ተኛሁ፤ ሁለተኛዋንም ተኛሁ። ጠዋት ስነቃ ሐሳቤ ረግቷል፤ መኪና የለኝም፣ የማንኩሳ በርበሬም የሰው ነው። እማማ የሻረግ ከአልጋዬ ጎን ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል።

"ሁለት ሌሊት ተኝተሻል" አሉኝ። "አሁን ቃልሽን ማፍረስ ትችያለሽ። ታፈርሽዋለሽ?"

የቀለዱ መስሎኝ አየኋቸው። ቀልድ አልነበረም። አፍርሻለሁ ብላቸው ያለ አንድ ቃል ጫማዬን ያቀብሉኝ ነበር። እጆቼን ከብርድ ልብሱ አወጣሁ። አንጓዬ ላይ ያለው ያው የድሮው ጠባሳ ነው። አዲሱ ቁስል ያለው እሳቸው እጅ ላይ ነው። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"አላፈርሰውም" አልኳቸው።

"እሽ" አሉ።

ይርሳው ከውጭ እንጀራ በወጥ ይዞ ገባ። እማማ የሻረግ በዚያ እጃቸው መቁረስ አልቻሉም። ተነስቼ ቁጭ አልኩና እጄን ታጥቤ አጎረስኳቸው። ጨው እንዴት ነው አልኳቸው።

አላምጠው እስኪውጡ ድረስ ቆዩ።

"ይበቃል" አሉ።